በሰው ለቅሶ የተፈተነ ስፒከር

ሥራዬ የሰው ገላ ማጠብ ነው። አልጋ ላይ የዋሉ አዛውንቶችን በየቤታቸው እየሄድኩ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ። ሌላው አፍንጫውን ይዞ የሚሸሸውን እኔ በጓንት አንስቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ምሳዬን እበላለሁ። ይህን የምናገረው ለመመጻደቅ አይደለም። ቶሎ የምጸየፍ ሴት አለመሆኔ እንዲታወቅልኝ ነው። ያን ቅዳሜ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለው ሆቴል ውስጥ ያጥወለወለኝ ነገር ከሰው ገላ የሚወጣ አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው በታላቅ ወንድሜ ነው። ጋሼ ነው የምለው። ተማሪ ሆኖ ከአገር ቤት መጥቶ፣ እዚሁ ተምሮ፣ ዕድሜውን ሙሉ የውሃ መሐንዲስ ሆኖ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ አብቅቷል፤ ፓሳዴና የሎሚ ዛፍ ያለበት ግቢ አለው። እንግዲህ ያርፋል ስንል ስፒከር ያዘው። ያዘው የምለው እንደ በሽታ ስለያዘው ነው። መጀመሪያ የሳሎኑ ሶፋ ከግድግዳው ተነስቶ ወለሉ መሃል ቆመ። ቀጥሎ የሚስቱ የብርጭቆ ቁም ሳጥን ይንቀጠቀጣል ተብሎ ወደ ጋራዥ ተሰደደ። ከዚያ እንግዳ ሲመጣ ጨዋታ ቀረ። መሃል ላይ ያለችው ወንበር ላይ ያስቀምጥሃል፣ አገጭህን ቀና አድርግ ይልሃል፣ ዝም ብለህ ትሰማለህ። ሲያልቅ ስለ ዘፈኑ ብታወራለት ቅር ይለዋል። የሚጠብቀው ከበሮው በግራ በኩል እንደመጣ እንድትነግረው ነው።

ሚስቱን እትዬ ነው የምላት። ትዕግሥተኛ ናት፤ ቁም ሳጥኗ ሲሰደድ እንኳ ብዙ አልተናገረችም። በዚያ ሰሞን ሴት ልጃቸው ሲያትል ወልዳ ስለነበር እትዬ ልታርሳት ሄደች። ጋሼ ብቻውን ቀረ። አንድ ማታ ደወለልኝና ቅዳሜ ሥራ እንዳለኝ ጠየቀኝ። የለኝም አልኩት። በዓመት አንዴ የሚደረግ የስፒከር ትርዒት አለ፤ ልገዛው ያሰብኩትን ስፒከር እዚያ አሰሙኛልና አብረሽኝ ሂጂ አለኝ። እኔ ስለ ስፒከር ምን አውቃለሁ ብለው፣ የሴት ጆሮ ቀጭን ድምፅ ይለያል፣ ስሚና ንገሪኝ፣ ሌላ አልፈልግም አለ። አልጠየቅኩትም እንጂ ብቻውን መሄዱ እንደከበደው ገብቶኛል። ቀድሞ ሄዶ ያውቃል፤ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል እሱን የሚመስል አንድም አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ፌርፋክስ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበት ሰፈር፣ ከአፓርታማዬ በታች መጥቶ ወሰደኝ። ኮት ለብሷል፣ ፂሙን ተላጭቷል። ደስ ብሎት እንደ ሙሽራ ነበር ድራይቭ የሚያደርገው። መንገዱን ሁሉ ስለ ስፒከሮቹ ነገረኝ፤ አንዱ ሙቀት ይጎድለዋል፣ አንዱ ጉሮሮ ላይ ያንቃል እያለ። ስለ ሰው የሚያወራ ነበር የሚመስለው። እኔም ደስታው ደስ አሰኝቶኝ ሳቅሁ።

ሆቴሉ ገና ስንገባ ደስታዬ ቀዘቀዘ። የላይኞቹ ፎቆች ክፍሎች አልጋቸው ወጥቶ፣ በየክፍሉ አንድ አንድ ሻጭ ስፒከሩን ተክሎ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ይጠብቃል። ኮሪደሩ ላይ ከየበሩ የሚወጣው ሙዚቃ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ፒያኖና በሹክሹክታ የምትዘፍን ሴት፣ እንደገና ፒያኖና በሹክሹክታ የምትዘፍን ሴት። የሚመላለሱት ከሞላ ጎደል ሁሉም ወንዶች ናቸው፣ ሁሉም ሸምገል ያሉ፣ አንገታቸው ላይ የመግቢያ ካርድ አንጠልጥለው፣ ብብታቸው ሥር ወረቀት አጭቀው። አይጫወቱም፣ አይሳሳቁም። እያንዳንዱ ከክፍሉ ሲወጣ ዶክተር ጋ ገብቶ የወጣ ሰው ይመስላል።

ውስጡ ደግሞ ባሰ። ድምፅ ያበላሻል ተብሎ ኤር ኮንዲሽነሩ ጠፍቷል፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ መጋረጃው ወርዷል። በዚያ ሙቀት ውስጥ ሃያ የሚሆን ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ይተነፍሳል። የቡና ትንፋሽ፣ ሽቶ፣ የምንጣፍ ሻጋታ፣ የካልሲ ሽታ አንድ ላይ ገነፈለ። ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ በትንሽ ጣቱ ጆሮውን ቆፈረና ያወጣውን ወደ ብርሃን ጠጋ አድርጎ አይቶ ሱሪው ላይ ጠረገው። ሌላው ዘፈኑ እየተጫወተ የተቀቀለ እንቁላል ከላስቲክ አውጥቶ ይበላል። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አንዱ ክፍል ውስጥ ኬብሉ ምንጣፉን እንዳይነካ በትንንሽ የእንጨት ድጋፍ ከፍ ተደርጎ ተኝቷል። አንድ ሰው ሳያይ እግሩ ነክቶት ሻጩ አጎንብሶ ሲያስተካክለው አየሁ፤ እኔ የታማሚ እግር ትራስ ላይ ሳሳርፍ እንኳ እንደዚያ አልጠነቀቅም። ጋሼ ዋጋውን በጆሮዬ ነገረኝ። እዚህ አልጠራውም።

ይህ ሁሉ ግን የሚታለፍ ነበር። ክፉ ሽታ ነው፣ ከንቱነት ነው፤ ወጥቶ አየር ሲያገኙ ይረሳል። ጋሼንም ላላስቀይመው ብዬ በየክፍሉ ቀጭኑ ድምፅ ጥሩ ነው፣ ይሄኛው ትንሽ ይጮሃል እያልኩ የተቀጠርኩበትን ሥራ ሠራሁ።

ሲመኘው የነበረው ስፒከር ያለው የመጨረሻው ፎቅ ላይ፣ ሰፋ ያለ ክፍል ውስጥ ነበር። ወረፋ ጠብቀን ገባን። ሁለቱ ስፒከሮች ከእኔ ይረዝማሉ፣ እንደ ታጠበ በቅሎ ገላ ያብረቀርቃሉ። የሚያሰማው ሰው ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ጥቁር ሹራብ እስከ አንገቱ የቆለፈ ነው። እጁ ላይ ነጭ የጨርቅ ጓንት አጥልቋል። ከሁሉም ወንበር የሚፈለገው መሃል ያለው ነው፤ ድምፁ ልክ የሚገናኘው እዚያ ነው ይላሉ። ሰውዬው ክፍሉ ውስጥ ያለሁት ሴት እኔ ብቻ መሆኔን አይቶ ወንበሩን ለእኔ ሰጠኝ። ሌሎቹ ደስ ሳይላቸው ፈቀቅ አሉ። ጋሼ በስተቀኜ ተቀመጠ፤ ኮርቶብኝ ክርኔን ነካ አደረገኝ።

ሰውዬው አንድ ሁለት ሙዚቃ ካሰማ በኋላ አንድ ሸክላ ከሽፋኑ አወጣ። ከምሥራቅ አፍሪካ ነው አለ። ድሮ አንድ መንገደኛ በሁለት ማይክሮፎን ብቻ፣ ደጅ ላይ የቀረጸው ነው፤ በዓለም ላይ ስፒከርን እንደዚህ የሚፈትን ቅጂ የለም፣ ደካማ ስፒከር እዚህ ላይ ይጋለጣል አለ። ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሆነች አልተናገረም። አንድ ነገር ብቻ ጠብቁ አለን፣ መሃል ላይ ድምፃዊቷ አየር ስትስብ ይሰማችኋል፣ ሌላ ስፒከር ላይ ያ ትንፋሽ የለም። ከዚያ መርፌውን አሳረፈ።

መጀመሪያ ነፋስ መጣ። ከዚያ የብዙ ሰው እግር፣ ራቅ ብሎ የውሻ ጩኸት። ቀጥሎ የሴት ድምፅ ተነሳ፤ እኔም ማን ገባ ብዬ ዞር አልኩ። እውነቱን መናገር አለብኝ፣ ስፒከሩ የተባለለትን ያህል ነበር። ሴትዮዋ ከፊቴ፣ እጄን ብዘረጋ ልብሷን በምነካበት ቦታ ቆማ ነበር። ድምፁን ከሰማሁ በኋላ ነው ቃሉ የገባኝ። አማርኛ ነው። የገጠር አማርኛ ነው፣ የጎጃም ይሁን የወሎ አልለየሁም። የምትለው ይህን ነበር፤

አራት ሰው ተጋግዞ የሚሸከመውን፣
ብቻዬን አዝዬው ኖሬ የለም ልጄን?

ዘፈን አይደለም። ሙሾ ነው። ልጇን እየቀበሩባት ነው። የሰማሁት እግር የቀባሪ እግር ነው፤ ከኋላዋ እንደ ማጀቢያ የሚመጣው የሴቶች ድምፅ ዋይታ ነው። እጄ ለቅሶ ቤት እንደሚያደርገው በራሱ ተነስቶ ደረቴ ላይ አረፈ። በዚያው ቅጽበት ጓንት ያጠለቀው ሰውዬ ጣቱን ቀስሮ ወደ ላይ አነሳ። ሁሉም አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ። ሴትዮዋ ትንፋሿን ሳበች። ሳግ ነበር፣ ዕንባ የተቀላቀለበት፣ ጉሮሮዋ ላይ የተሰበረ ሳግ። ሰውዬው ጣቱን ቀስ አድርጎ አወረደና ፈገግ አለ። በስተግራዬ ያለው፣ እንቁላል የበላው ሰውዬ፣ ጣፋጭ ነው ብሎ አጉረመረመ። እሷ ቀጠለች፤

አታጥብቁት በሉ፣ ቀስ አርጉት ከፈኑን፣
ገና አልጠገበም ልጄ መተንፈሱን።

ዕንባዬ ወረደ። ወደ ጋሼ ዞርኩ። ዓይኑን ጨፍኗል፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሏል፣ አፉ ትንሽ ተከፍቷል። በእናታችን ቀብር ላይ ሲያለቅስ ያየሁት ሰው እሱ መሆኑን ተጠራጠርኩ።

"ጋሼ፣ የምትለው ይሰማሃል?" አልኩት።

ዓይኑን ሳይገልጥ "ሰምቻለሁ። ቆይ ይጨርስ" አለኝ።

ሲያልቅ ሰውዬው ወደ እኔ አመለከተ። ሌሎቹን እያየ፣ ይህ ስፒከር ሰውን የሚያደርገው ይሄንን ነው አለ። ጥቂቶች ቀስ ብለው አጨበጨቡ። ዞር ስል ከኋላዬ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ፊቴን እየቀረጸ ነበር፤ ስላየሁት እንኳ አላፈረም፣ በእጁ በርቺ ዓይነት ምልክት ሰጠኝ።

ተነሳሁ። እንግሊዝኛዬ ሥራዬን ያህል ነው፣ ግን ለዚህ አላነሰኝም። ይህ ዘፈን አይደለም አልኳቸው። ይህች ሴት ልጇን እየቀበረች ነው፤ እናንተ የጠበቃችሁት ትንፋሽ ሳግ ነው፤ ከዚያ ቀጥላ ያለችው ልጄ ገና መተንፈስ አልጠገበም ነው። ብዙዎቹ ዓይናቸውን ወደ ምንጣፉ ጣሉ። ለአፍታ ያህል ያፈሩ መስሎኝ ነበር። ሰውዬው ጓንት ያለበትን እጁን ልቡ ላይ አድርጎ አመሰገነኝ። ይህ ለቅጂው ትልቅ ጥልቀት ይጨምርለታል አለ፤ ቀጥሎ ለሚገቡት ሰዎችም ቆይቼ ይህንኑ ብነግርለት በጣም ደስ እንደሚለው ነገረኝ። ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ። እንግዲህ ትርጉሙን ካወቅን ያቺን ትንፋሽ እንደገና ልንሰማት እንችላለን ወይ ብሎ ጠየቀ። ሌሎቹም አዎ አዎ አሉ። ሰውዬው መርፌውን አነሳና መልሶ አሳረፈ። ድምፁን ትንሽ ጨመር አደረገው።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ሰው ረግጫለሁ መሰለኝ። ኮሪደሩ ላይ ከየበሩ ያው ፒያኖና ያው ሹክሹክታ ይወጣል፤ ከኋላዬ ደግሞ በሩ ተዘግቶም ዋይታው ይከተለኛል። መጸዳጃ ቤት ገባሁና ያስመልሰኝ ጀመር። ቁርስ የበላሁት ሁሉ ወጣ፣ ከዚያም መራራው ወጣ። ፊቴን ታጥቤ መስታወቱ ላይ ስመለከት በጣም የዘገነነኝ ነገር ትዝ አለኝ። ከእነዚያ ሰዎች ሁሉ በተሻለ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ከሁሉም አጥርቼ የሰማኋት እኔ ነበርኩ። ድምፁም ውብ ነበር። ይህንን ከራሴ መደበቅ አልቻልኩም።

ጋሼ ወጥቶ ይፈልገኛል ብዬ ኮሪደሩ ላይ ጠበቅሁት። አልመጣም። በጣም ቆይቶ ከታች፣ ከአሳንሰሩ በኩል መጣ። ብብቱ ሥር አራት ማዕዘን ከረጢት ይዟል። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ፌርፋክስ ደርሰን ፓርክ አደረገና ሁልጊዜ የምንበላበት ቤት ገባን። ሽሮ አዘዘ። እኔ ውሃ ብቻ አልኩ። እሱ ርቦት ነበር፤ አጠገቤ ሲያላምጥ፣ ሲውጥ፣ ጣቱን ሲልስ እያንዳንዱ ድምፅ ለየብቻ ይሰማኛል። ያን ቀን ጆሮዬ አብዶ ነበር። ከዚያ ከረጢቱን ከፍቶ ሸክላውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ምድር ቤት ሸክላ የሚሸጡ ሰዎች ጋ አግኝቶ ገዝቶታል። ሽፋኑ ላይ ኮረብታና ደመና ብቻ አለ። ገልብጬ አነበብኩት። የቀረጸው ሰውዬ ስም አለ። የማይክሮፎኑ ስም አለ፣ ቴፑ የተሠራበት አገር አለ። የሴትዮዋ ስም የለም፤ የልጇም የለም።

ጋሼ ተቆጥቶኝ ነበር፣ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው። ሶ፣ ያ ሰውዬ ባይቀርጻት ኖሮ ምን ይሻል ነበር አለኝ። ስንት እናት አልቅሳ ድምፅዋ ከነፋስ ጋር ሄዷል፤ የዚህች ግን ቀረ፤ ዓለም ሰማት። ታሪክ ነው ይሄ አለ። ታሪክ ከሆነ ስሟ የት አለ አልኩት። ስሟን የሚያውቅ የለማ አለ። የጠየቀም የለም አልኩት። እጁን በሶፍት ጠረገና አይ አንቺ፣ ነገር ታከብጃለሽ ብሎ ሒሳብ ጠየቀ። ስፒከሩን አዝዞት ነበር የወጣው። ያንን የነገረኝ መኪና ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልተደዋወልንም። ክረምቱ ሲወጣ እትዬ ከሲያትል ተመለሰች። የልጅ ልጇን የምሥራች ለወዳጆቻቸው ድፎ ዳቦ ልትቆርስ እሑድ ከሰዓት ጠራችን። ለእሷ ብዬ ሄድኩ። ስፒከሮቹ መጥተው ሳሎኑ ውስጥ ቆመዋል፤ ሳሎኑ ጠቦ እነሱ ብቻ ይታያሉ። የተጠሩት የጋሼ የተማሪነት ጓደኞች ናቸው፣ ሁለት ከነሚስቶቻቸው። አንደኛው ጠና ያሉ፣ ከዘራ የሚይዙ፣ ሁላችንም አንቱ የምንላቸው ሰው ናቸው። ዳቦው ተቆረሰ፤ እትዬ በስልኳ የሕፃኗን ፎቶ እያዞረች አሳየችን፤ ሁሉም መረቁ፣ እደጊ በሏት አሉ። ደህና ውለን ነበር።

ጋሼ ተነሳ። መጀመሪያ ክራር አጫወተላቸው፣ አደነቁለት። ቀጥሎ አሁን አንድ ነገር ላሰማችሁ አለና ከመሳቢያው ነጭ የጨርቅ ጓንት አውጥቶ አጠለቀ።

"ጋሼ፣ ተው" አልኩት።

"አንቺ ካልፈለግሽ ጆሮሽን ያዢ" አለኝ፣ እየሳቀ።

ነፋሱ መጣ። እግሩ መጣ። ድምፁ ተነሳ። እዚህ ቤት ደግሞ ቃሉን የማይሰማ ሰው የለም። ሽማግሌው ዳቦ የያዙበትን ሳህን መሬት አስቀምጠው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ሙሾ ሲሰማ እንደሚነሱት ተነሱ። ሚስታቸው ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ሌላኛው ጓደኛ ግን ወደ ስፒከሩ ጠጋ ብሎ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ፣ ይገርማል፣ ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማል አለ። ጋሼ ፊቱ በራ። ገና ነው፣ ዋናው ገና ነው አለና ጣቱን ቀሰረ። ሆቴሉ ውስጥ እንዳየው አድርጎ ቀሰረ።

እትዬ ሻይ ይዛ ከማድ ቤት ብቅ አለች። በሩ ላይ ቆመች። የቆሙትን ሽማግሌ አየች፣ ነጠላዋን ያዘቀዘቀችውን ሴት አየች፣ እኔን አየችኝ።

"ማን ሞቶ ነው?" አለች።

ጋሼ ቅጂ ነው፣ ዝም ብለሽ ስሚው አላት። ሻዩን አስቀመጠችና ቃሉን ሰማችው። ፊቷ ሲለወጥ ታየኝ። በእኛ አገር ያለ ሬሳ ሙሾ አይወርድም፤ ሞትን መጥራት ነው። እትዬ ደግሞ ገና ከአራስ ቤት የመጣች ሴት ናት።

"የልጅ ልጄን ዳቦ በቆረስኩበት ቤት የእናት ሙሾ አስገባህ? አጥፋው" አለችው።

"አንድ ደቂቃ፣ ትንፋሹ ላይ ይድረስ" አለ።

በግድግዳው በኩል ሄዳ፣ ጎንበስ ብላ፣ የሸክላ ማጫወቻውን ገመድ ነቀለችው። ሸክላው ወዲያው አልቆመም። እየዘገመ ዞረ። የሴትዮዋ ድምፅም ከእሱ ጋር እየዘገመ፣ እየወፈረ፣ እየተጎተተ ሄዶ የወንድ ማቃሰት የመሰለ ነገር ሆነ፣ ከዚያ ተቋረጠ። ብዙ ክፉ ነገር ሰምቻለሁ፣ ሰው ሲያጣጥርም ሰምቻለሁ። እንደዚያ ያለ ግን አልሰማሁም። ጋሼ ሮጦ መጣ። መጣ ስል ወደ ሚስቱ አይደለም። መርፌው ተጎድቶ እንደሆነ ለማየት ነው፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ፣ በጓንቱ የማጫወቻውን ክንድ አንስቶ።

ሽማግሌው አሁንም እንደቆሙ ነበር። ልጁ ስሙ ማን ነበር ብለው ጠየቁ። ማንም አላወቀም። እንግዲያውስ ፈጣሪ ያውቀዋል፣ ነፍሱን ይማር አሉና ተቀመጡ። ሻይ ሳይጠጡ ተነስተው ሄዱ።

ልሄድ ስል እትዬ እስከ መኪናዬ ሸኘችኝ። ሸክላውን በገበያ ከረጢት ጠቅልላ ይዛለች። እኔ ልጥለው እፈራለሁ፣ ውሰጂልኝና የምታደርጊውን አድርጊው አለችኝ። ጋሼ ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም አልጣልኩትም። ሸክላ ማጫወቻ የለኝም፤ ቁም ሳጥኔ ውስጥ በክረምት ልብሴ ሥር አኑሬዋለሁ። ንስሐ አባቴን አማክሬ እናትዮዋንና ልጇን ያለ ስም በጸሎት እንዲያስቧቸው ጠየቅኳቸው። እሺ አሉኝ።

በዚህ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። በዓመቱ ትርዒቱ እንደገና ሲደረግ ጋሼ ብቻውን ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬ ጮኸ፤ ፎቶ ልኮልኛል። ያው ሰፊ ክፍል፣ ያው ስፒከሮች፣ ረድፍ ረድፍ ወንበሮች። በየወንበሩ ላይ ወፍራም የክሬም ቀለም ካርድ ተቀምጧል። ፎቶውን አስፍቼ አነበብኩት። ሙሾው ነው፣ በእንግሊዝኛ። አራቱ ሰዎች፣ ጀርባዋ፣ ከፈኑ፣ መተንፈስ ያልጠገበው ልጅ፣ ሁሉም አለ። ጥሩ ትርጉም ነው፣ ጋሼ የተማረ ሰው ነው። ከግጥሙ ሥር የአምፕሊፋየሩ ዓይነት፣ የኬብሉ ዓይነት፣ የመርፌው ዓይነት ተዘርዝሯል። ከሁሉ ሥር፣ ስለ ትርጉሙ ተብሎ፣ የወንድሜ ሙሉ ስም በምስጋና ተጽፏል። ከካርዶቹ በአንዱ ላይ የቡና ኩባያ ተቀምጦበት ቡናማ ክብ አትሞበታል።

ከፎቶው ሥር፣ አሁን ቢያንስ ምን እንደምትል ያውቃሉ፣ አንቺም ደስ ይልሻል ብዬ ነው የሚል መልእክት ጽፏል። የከፋኝ እሱ ነው። እኔን ለማስደሰት ነው የደከመው። እዚያ ቆሜ ያልኳቸውን ሁሉ አስታውሶ፣ ቃል በቃል ተርጉሞ፣ በጥሩ ወረቀት አሳትሞላቸዋል።

ከሥራ ስወጣ መኪና ውስጥ ሆኜ ደወልኩለት። መጨቃጨቅ አልፈለግኩም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት። መጀመሪያ ቀን፣ ሰምቻለሁ ስትለኝ፣ ምን ተሰማህ አልኩት። አሰበ። ሊዋሸኝ አልፈለገም፣ ጋሼ ውሸት አይወድም።

"ድምፁ በጣም ጥሩ ነበር" አለኝ።

ከዚያ እራት በልቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልበላሁም አልኩት፣ ደህና እደር ብዬ ዘጋሁ።

ወንድሜ ነው፣ አልተጣላሁትም። ለበዓል ፓሳዴና እሄዳለሁ፣ ከእትዬ ጋር ማድ ቤት ተቀምጠን ሽንኩርት እንከትፋለን፣ ሕፃኗ ምን ያህል እንዳደገች ታሳየኛለች። ከሳሎን በግድግዳው በኩል ሙዚቃው ይመጣል፤ እትዬ የማድ ቤቱን በር ትገፋውና ወሬዋን ትቀጥላለች። ጋሼ አንዳንዴ ብቅ ብሎ አዲስ ነገር አግኝቻለሁ፣ ነይ አንዴ ስሚው ይለኛል። እጄ ሽንኩርት ነው እለዋለሁ።